ትርፍ ጥርስ

ጋሽ እብሬ ፑንታውን በከንፈሩ ነበር የሚይዝ፣
ሰው ሲያናግረው በአፍንጫው "እህም" የሚል፣ በዓይኑ የሚያዝ።
ኮከቧን በግራ ጉንጩ፣ ጠፍጣፋዋን በቀኝ፣
መሰላል ላይ ቆሞ፣ ሳይዞር የፈለጋትን የሚያገኝ።
አንዷ ያመለጠች ቀን ግን፣ ከሰጋቱራው ክምር፣
እኔ ነበርኩ ተንበርክኬ
ከአሮጌ ራዲዮ በወጣ ማግኔት የምቆፍር።
"አንድ ቀን ከሽሮው ጋራ ይውጣታል" እያልኩ፣
ስንት ጊዜ በሆዴ ሳቅኩ!

ዛሬ እሱም የለም፤ ሱቁም የለም፤ ሸዋ በር ላይ የቀረው
የቆርቆሮ በሩ ነው፣ የሌላ ሰው ሰማያዊ ቀለም ያለበሰው።

ሰኞ ገበያ፣ ከሙሄ ሸራ ላይ፣ ጎኑ የተላጠ
ትራፓኖ ገዛሁ፣ ባትሪው የደከመ፣ ማንድሪኖው ያፈጠጠ።
አራት ሺህ ብሎ ጀምሮ፣ ከጦሳ በኩል ዝናቡ ሲመጣ፣
ሦስት ሺህ ላይ "በል ውሰደው!" አለኝ፣ ሸራውን እየሸበለለ፣ እንደተቆጣ።

ማታ በዘይት ጨርቅ ስወለውለው፣ ከእጀታው ሥር፣
ባትሪው ከሚሰካበት ከፍ ብሎ፣ ጣቴ አገኘች አንዲት ድንበር፤
በጥፍሬ ስፈለቅቃት ጠቅ አለች፤ መሳቢያ፣
ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ፣ የብረት ማደሪያ።
ውስጧ አራት ጎጆ፤ ማግኔት ወለሏ፤
ኮከቧ፣ ጠፍጣፋዋ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኗ ከነስሏ።

ይህን ያሰበ ሰው፣ አልኩ፣ የትም ይኑር የት፣
መሰላል ላይ ቆሞ ያውቃል፤ ያውቃል የኪስን ክዳት፤
ያውቃል፣ የጣት ጫፍ የማታህል ብረት
ያመለጠች ቀን፣ የሰው ውሎ አብሯት እንደሚገባ መሬት።

አራተኛዋ ጎጆ ግን ማግኔት የማይስበው ነገር ነበራት፣
በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ።
ፈታሁት።
ጥርስ።
የልጅ ጥርስ፣ የፊት፤ ከሥሯ የደረቀ ቡናማ ነጥብ ያላት።

ጣራ ላይ መወርወር ነበረባት፣ ባገሩ ደንብ፤
ማን ነው ብረት መሐል የደበቃት እንደ ገንዘብ?
"ማታ ስመለስ አብረን እንወረውራታለን" ብሎ የወጣ አባት ነው?
ወይስ ልጁ ራሱ፣ አባቱ ከእጁ የማይለየውን ዕቃ አይቶ
አደራ የሰጠው?

በሳምንቱ ተመለስኩ። "ሙሄ፣ የማን ነበር ይህ?"
"የደላላ። ደላላው ከሌላ ደላላ። ምን ጎደለህ?"
አለ፣ ገንዘብ የማስመልሰው መስሎት።
"አልጎደለኝም፤ ተርፎኝ ነው" አልኩት።
"ትርፍማ ከአላህ ነው፤ ሂድ፣ ሥራበት!"

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘሁ፤
ከቦርከና ማዶ፣ የአንዲት መምህርት ቤት ቆርቆሮ ላለብስ ጣራ ወጣሁ።
ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ ቆርቆሮው ጉልበት ይጠብሳል፤
ትራፓኖዬ ያጓራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነክሳል።
እዚያ ላይ ትዝ አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጣራ የት አለ?
መሳቢያዋን ሳብኩ፤ ጥርሷን መዳፌ ላይ አኖርኩ፤
እጄን አነሣሁ፤

ተውኩት።
የሌላ ቤት ጣራ ነው፣ የሌላ ልጅ ጥርስ ናት፤
ማን ብዬ ልወርውራት፣ ምትኳ ለማን እንዲበቅልለት?
ዕቃው ተሽጦ ይሆን፣ ወይ በዚያ ክፉ ኅዳር፣ በር ሁሉ ሲሰበር፣
ከነአደራው የወጣ፣ ማን ሊነግረኝ ነበር።

መለስኳት በጎጆዋ፤ ናስትሮውን ደገምኩላት።
አራት ቤት ተሠርቶ ለእኔ የደረሰኝ ሦስት፤
አዲስ የገዛኋት መቀያሪ ኮከብ ማደሪያ አጣች፤
ኪሴ ቀዳዳ፣ ጣራው ሸርተቴ፤ ወዴት ትግባ?
ትኩስ ናት። የሳንቲም ጣዕም አላት።

ነስሩን፣ ከታች ያለውን ልጅ፣ "ቆርቆሮ አቀብል" ልለው ስል
የወጣኝ "እህም" ነው፣ በአፍንጫዬ።
ቀና ብሎ አየኝ።
ከዚያ ጎንበስ አለ፣ ሚስማር የሚለቅም መስሎ፤
ትከሻው ሲነቃነቅ፣
በሆዱ ሲስቅ አየሁት።